በድምፅ ብልጫ የታመመችው መኪና

መርሳ ውስጥ የመኪና ኮፈን ከፍታ፣ ዝም ብላ ሞተር የምታዳምጥ ሴት ካያችሁ እታፈራሁ ናት። ወልድያ ቴክኒክና ሙያ ተማረች፤ ሁለት ዓመት በሰው ጋራዥ ሠራችና ከአስፋልቱ ዳር የራሷን ከፈተች። አግብታ ፈታለች፤ የምትኖረው ከእናቷ ከእትዬ አለሚቱ ጋር ነው። መጀመሪያ ሾፌሮች ይስቁባት ነበር። አሁን ከውርጌሳ ድረስ እየመጡ ወረፋ ይይዛሉ።

እኔ የቅሬያችን ጸሐፊ ነኝ። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ሲታመሙ ሐኪም ቤት የሚያደርስ፣ ሲሞቱ የሚቀብር። ቅሬያችን ሃያ ዓመት ያለፋት፣ ኋላዋ ረጅም የሆነ ስቴሽን መኪና አለችው፤ በሽተኛም አስከሬንም የምታመላልስ እሷው ናት። አምና ይቺ መኪና ጉልበት አጣች። ነዳጅ ሲረገጥላት ትጮኻለች እንጂ አትሄድም። ዳሽቦርዷ ላይ ያለው ቢጫ የሞተር መብራትም በርቶ ቀረ። አንድ አባላችንን ስንቀብር ለቀስተኛው በእግሩ ቀድሟት ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ቄሶቹ መጡ፣ ጉድጓዱ ተቆፈረ፣ ሟች ግን ገና መንገድ ላይ ነበር።

እታፈራሁ በኮምፒውተር መረመረቻት።

«የአየር ሴንሰሩ ነው» አለች። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካ፣ ፀጉር የሚያህል ሽቦ ያለው ትንሽ ዕቃ ነው። «አቧራና ዘይት ለብሷል። ምን ያህል አየር እንደገባ ስለማያውቅ ነዳጁም አይመጣጠንም። በስፕሬይ ባጥበው በአሥር ደቂቃ ያልቃል።»

በቅሬያችን ደንብ ግን ከድንኳን እስከ ድስት ማናቸውም የጋራ ንብረት ያለ ጉባኤ ውሳኔ አይነካም። የነካ ይባረራል። ስለዚህ ጉባኤ ተጠራ። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ይታገሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የመኪናዋ በሽታ በድምፅ ይለይ አሉ። ነዳጁን በእሳት የሚያቀጣጥለው ካንዴላ አርባ አንድ ድምፅ አገኘ። የአየር ሴንሰር ሦስት፤ እሱም የእታፈራሁ፣ የእናቷና የእኔ ነው።

«ካንዴላው እኮ ደህና ነው!» አለች እታፈራሁ።

«አንቺ ያለሽ ሦስት ድምፅ ነው፤ ተቀመጪ» ተባለች።

ካንዴላው ተቀየረ፤ መኪናዋ ያው ናት። ሁለተኛው ጉባኤ የነዳጅ ፓምፑን ጥፋተኛ ብሎ አስቀየረው። በሦስተኛው ሐጂ ኡበይደላ ተነሱ። «ወላሂ፣ እኔን ሆስፒታል ያተረፈኝ ኦክስጅን ነው። ይቺም ዳገት ላይ የምታለከልከው ኦክስጅን አጥሯት ነው» አሉ። የኦክስጅን ሴንሰር በጭብጨባ አለፈ። ሁሉንም የገጠመችው እሷው እታፈራሁ ናት፤ ውሳኔ አልፈጽምም ያለ አባልም ይባረራልና። ከቅሬ የተባረረን ሰው ደግሞ ማን ይቀብረዋል? ለራሷስ ግድ የላትም፤ እናቷ ግን ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል።

«ለምን ተደብቀሽ አታጥቢውም?» አልኳት አንድ ቀን።

«ቁልፉ ጋሽ ይታገሱ አንገት ላይ ነው፤ ዕቃ ስገጥምም ከአጠገቤ አይጠፉም» አለችኝ። ንዴቷ ከፊቷ ይነበብ ነበር።

ግንቦት ላይ እትዬ አለሚቱ ሆዳቸውን ይዘው ወደቁ። ጤና ጣቢያው ትርፍ አንጀት ነው፣ ፈጥነው ወልድያ ይድረሱ አለ። እታፈራሁ መሪውን ያዘች። ጋሽ ይታገሱ ከፊት፣ እኔ በሽተኛዋን ደግፌ ከኋላ ተቀመጥን። ሲሪንቃን አልፈን ዳገቱ ላይ ስንደርስ መኪናዋ እንደ ልማዷ ታጓራ ጀመር። አንዲት አህያ ጭነቷን እንደተሸከመች አለፈችን።

«ልጄ፣ እሷ ላይ ብትጭኚኝ አይሻልም?» አሉ እትዬ አለሚቱ። በዚያ ሁሉ ሕመም እንኳ ቀልዳቸው አልለቀቃቸውም።

እታፈራሁ መኪናዋን ዳር አቆመች። ከቦርሳዋ ስፕሬይና መፍቻ አወጣችና ኮፈኑን ከፈተች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ ጋሽ ይታገሱ ተከትለዋት ወርደው።

«ልጠግን።»

«አራት ሰው ብቻ ሆነን? ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም እኮ!»

«እናቴ እየሞተችብኝ ነው ጋሽ ይታገሱ። ከፈለጉ ያባርሩኝ።»

ሴንሰሩን ፈታች፣ ረጨችው፣ እስኪደርቅ ቆማ ጠበቀችና መልሳ ገጠመችው። ነዳጁን ስትረግጠው መኪናዋ ተፈናጠረች። ጋሽ ይታገሱ ወንበሩን ጨምድደው «ኧረ ቀስ በይ!» እያሉ ወልድያ ገባን። እትዬ አለሚቱ በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሐኪሙ ተርፈዋል ሲለን እኔ ጎልማሳው ሰውዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

በወሩ ጉባኤ ተጠራ። ጋሽ ይታገሱ ክፉ ሰው አይደሉም፤ መላ ዘይደው ነው የመጡት።

«መኪናዋ ተጠግናለች ካልን» አሉ፣ «እታፈራሁ ያለ ውሳኔ ነክታታለች፤ ትባረራለች። ያለፉት ሦስት ውሳኔዎቻችንም ስህተት ነበሩ ማለት ነው። አልተጠገነችም ካልን ግን የነካት የለም፤ ጥፋትም የለም። እሺ፣ ተጠግናለች የምትሉ?»

እታፈራሁ ብቻዋን እጇን አወጣች።

«አልተጠገነችም የምትሉ?»

ከሁሉ ቀድሞ የወጣው የእትዬ አለሚቱ እጅ ነው። የሌላው ሰው ተከተለ። የእኔም አልቀረም።

«እማ!» አለች እታፈራሁ። «አንቺም? ታዲያ በምን ደረስሽ?»

«አውቃለሁ ልጄ። ዛሬ የምተነፍሰው አንቺ ስለጠገንሻት ነው» አሉ እናቷ እጃቸውን ሳያወርዱ። «ግን ያን ቀን ያደረስሽኝ ሆስፒታል ነው። መቃብር ብቻሽን አታደርሺኝም።»

እታፈራሁ እጇን አወረደችና እናቷን እያየች ከሌሎቹ ጋር እንደገና አወጣችው።

«ጻፍ መልካሙ» አሉኝ ጋሽ ይታገሱ።

«በሙሉ ድምፅ አልተጠገነችም» ብዬ ጻፍኩ። እንደዚያን ቀን በእጅ ጽሑፌ አፍሬ አላውቅም።