በጠበል የሚዋጥ ኪኒን

ትናንት ራስ ዲካ አካባቢ ካለ ፋርማሲ መድኃኒቴን ስቀበል ካርቶኑ ቀለሙን ቀይሮ ጠበቀኝ። ከፍቼ አሸተትኩት። ያው የጠመኔ ሽታ ነው፤ ቢሆንም አላመንኩም፣ ፋርማሲስቷን ደጋግሜ ጠየቅኋት። እንዲህ መጠርጠር ያስተማሩኝ እትዬ አስናቀች ናቸው።

ድሮ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር አንድ ግቢ ነበርን። የሚጥል በሽታ ስለነበረባቸው ጠዋትና ማታ ኪኒን ይውጣሉ። ለጉንፋን ሽሮፕ ሲታዘዝላቸው እንኳ "ይሄ ከኔ ኪኒን ጋር ይስማማል?" ሳይሉ አይቀምሱም። እኔ ደግሞ እሳቸውን እጠረጥር ነበር፤ ደህና ሰው በየቀኑ መድኃኒት ምን ያደርግለታል?

ሾፌር ወንድማቸው ከአገር ቤት ዶራሌ ወደብ ጭነት ሊያነሳ ሲመጣ በቢጫ ጀሪካን ጠበል ያመጣላቸዋል። አንድ ጊዜ እናቴ ኪኒኑንም ጠበሉንም ሲወስዱ አይታ ያዘቻቸው።

"አስኑዬ፣ በሁለት ልብ ጠበል አይጠጣም። ኪኒኑን ተዪውና እመኚ።"

ተዉት። ሳምንት ሳይሞላ ሳምቡሳ ሲጠብሱ ወደቁ፤ የፈላው ዘይት ክንዳቸውን ላጠው። እናቴ ልታሸታቸው ክብሪት ስትጭር እንጨቱ ይሰበርባት ነበር።

ሐኪሙ "ይህ መድኃኒት በድንገት አይቆምም፤ ቢቀነስም ቀስ በቀስ፣ እኛው ነን የምንቀንሰው" አላቸው። የንስሐ አባታቸው ቄስ ደግሞ ተቆጡ፦ "መድኃኒትሽን ተዪ ያለሽ ማን ነው?" እናቴ መሬት መሬቱን አየች።

ከዚያ ወዲያ እትዬ አስናቀች ደጃፋቸው ላይ ቆመው፣ ሰው እያያቸው፣ ኪኒኑን በጠበሉ ይውጡ ጀመር። ግቢው ድፍረት ነው ብሎ አጉረመረመ። እናቴ ፊቷን ታዞር ነበር። ኋላ ድሬዳዋ ገቡ፤ ዳግም አላየኋቸውም።

እኔ አልወድቅም። የኔ ሕመም የስሜት ነው፤ አንዴ እንቅልፍ ነስቶ ያስፈነድቀኛል፣ አንዴ ከአልጋ አላነሳ ይለኛል። የኔ ሐኪም ያንኑ የእትዬ አስናቀችን ኪኒን ሲያዝልኝ "እኔ መቼ ወደቅኩ?" አልኩት። ለሁለቱም ይሰጣል አለኝ፤ ማርገዝ ካሰብሽም አስቀድመሽ ንገሪኝ አለ። ደህና ስሆን ልተወው ያምረኛል። ያኔ ከኪኒኑ ይልቅ ራሴን እጠረጥራለሁ።

ዛሬ ጠዋት እናቴ ጠበል በኩባያ ይዛ መጣች። ያ ቀን ትዝ አለኝና ፈራኋት፤ ተዪው ልትለኝ ነው ብዬ አፌን ገጠምኩ። ሌላውን እጇን ዘረጋች። ኪኒኔ መዳፏ ላይ ነበር።

"በይ፣ ዋጪበት" አለችኝ።