የአዲሱ እህል የመጀመሪያ ጉርሻ

ከሁሩሙ መንደር በላይ፣ ጫካው አልቆ ማሳው ከሚጀምርበት ጥግ አንዲት ኮረብታ አለች። ስም የላትም፤ ቢኖራትም የሚያውቀው ሰው አላጋጠመኝም። እኛ «ምሽጉ» እንላት ነበር። ጣሊያን መቱ በገባ በሁለተኛው ዓመት ክረምቱን ያሳለፍነው እዚያ ነው። ከሥሯ ጅረት ይወርዳል፤ በጅረቱ ላይ ግንድ ተጋድሞ የተሠራ ድልድይ ነበር፤ ከድልድዩ ማዶ ወደ መቱ የሚወስደው መንገድ ይታያል። ከጅረቱ ወዲህ ያለው የበቆሎ ማሳ የእናቴ ነው።

ልጆች፣ ስለ ጦር ሜዳ ስትጠይቁኝ የተኩስ ወሬ እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። የተኩሱ ወሬ አጭር ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የገንፎ ነገር ነው። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ወንድሜ ገለታ የሚበልጠኝ በአንድ ክረምት ነው። በአንድ ክረምት ብቻ! አንድ ላይ ጥርስ ነቀልን፣ አንድ ላይ ከብት ጠበቅን፣ አንድ ላይ ጫካ ገባን። ግን እሱ ሀንገፋ ነበር። በእኛ ዘንድ የበኩር ልጅ ሀንገፋ ይባላል። ቀድሞ የሚቀመጥ እሱ ነው፣ ቀድሞ የሚናገር እሱ ነው፣ አባት ሲሞት የአባትን ቦታ የሚይዝ እሱ ነው። አባታችን ቀደም ብለው ስለሞቱ ገለታ ጢም ሳያወጣ የቤት ጌታ ሆነ። ይሄ ሁሉ አላስቀናኝም ብል ውሸቴን ነው። ከሁሉ የባሰብኝ ግን የመስከረሙ ጉርሻ ነበር።

ኢሬቻን አሁን በራዲዮ ሲያወሩለት እሰማለሁ፤ አገር ሁሉ የሚያውቀው በዓል ሆኗል። እኛ ስናውቀው የቤትና የወንዝ ነገር ነበር። በክረምት የሶር ወንዝ ገባሮች ሞልተው ዘመድን ከዘመድ ይቆርጣሉ። ማዶ ያለች እህትህ ትውለድ ትሙት አታውቅም። መስከረም ላይ ውሃው ሲጎድል ሰው እርጥብ ሣርና አደይ አበባ ይዞ ወደ ወንዙ ይወርዳል፣ ሣሩን ውሃ ውስጥ እየነከረ ከጨለማው ያወጣውን ፈጣሪውን ዋቃን ያመሰግናል፣ ከማዶ የመጣውን ዘመዱን አቅፎ ይስማል። አባታችን የበዓሉን መነሻ ሲጠየቁ ይሄንኑ ነበር የሚሉት።

ከምስጋናው በኋላ ምግቡ ይመጣል። የአዲሱ በቆሎ ገንፎ መሐሉ ተቦርቡሮ ቅቤ ይሞላበታል። ወፍራም ቂጣ ላይ ቅቤና በርበሬ ፈሶ ጩምቦ ይሆናል። ቡናው ደግሞ አይወቀጥም፤ ከነገለባው ከገብስ ጋር በቅቤ ይበስልና በእፍኝ ይበላል፤ ቡና ቀላ ማለት እሱ ነው። ይሄ ሁሉ ቀርቦ ታዲያ ማንም እጁን አይዘረጋም። እናት ከገንፎው ጠቅልላ ሀንገፋውን ታጎርሳለች። እሱ ሳይቀምስ ከአዲሱ እህል አንዲት ፍሬ ከማንም አፍ አትገባም፤ ለገንፎው ከምትቀጠፈው ጥቂት በቀር ማሳውም አይታጨድም። በየዓመቱ እናቴ ጉርሻውን ይዛ በፊቴ ታልፋለች። በየዓመቱ የገለታ ጉንጭ ይነፋል። እኔ አጠገቡ ቆሜ ምራቄን እውጣለሁ።

በዚያ መስከረም በቆሎው ቀድሞ ደረሰ። እኛ ደግሞ ርቦን ነበር። ስንቅ ከያዮ በኩል ይመጣልናል የተባለው መንገድ ላይ ቀረ። የጫካ ማርና ቅጠል እየበላን ከሥራችን የተዘረጋውን ማሳ እያየን እንውላለን። አለቃችን ግራዝማች በየነ መቱ ያደጉ ሰው ናቸው፤ አያታቸው ከሸዋ የመጡ። አንድ ጠዋት ማሳውን በመነጽር ሲያዩ ቆይተው ወደኛ ዞሩ።

«ይሄ ሁሉ እህል ተዘርግቶ ሰው እንዴት ይራባል? እኔ የማላውቀው ጾም አለ እንዴ?»

አብዱ ሳቀ። አብዱ የመቱ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ጨውና ጥይት በአህያ ጭኖ መጥቶ እዚያው ከኛ ጋር የቀረ።

«ግራዝማች፣ እኛ ረመዳን ሲመጣ የፀሐይን መጥለቅ እንጠብቃለን» አላቸው። «እነዚህ ደግሞ የገለታን አፍ ነው የሚጠብቁት።»

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ግራዝማች ማሳው እንዳይነካ አዘዙ። የሚያበላን፣ የሚደብቀን፣ ወሬ የሚያመጣልን ሕዝቡ ነው፤ ሥርዓቱን ብንጥስበት ጫካው ውስጥ አንድ ሳምንት አናድርም። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ከመቱ ወሬ መጣ። ባንዳው ወደ ሁሩሙ ወጥቶ አዲሱን በቆሎ አጭዶ ለጣሊያን ሊያስገባ ነው። ግራዝማች ሰበሰቡን። ድልድዩን ይዘን እንድንቆይ፣ ሕዝቡ በዚያ መሐል አጭዶ እህሉን ወደ ያዮ ጫካ እንዲያሸሽ ተወሰነ። እህሉ ከተወሰደ ሕዝቡም እኛም ለሚቀጥለው ክረምት አንደርስም።

ሕዝቡ ለማጨድ ግን ሀንገፋዎቹ መቅመስ ነበረባቸው። የሌላው ቤት ሀንገፋ መንደሩ ውስጥ አለ። የእናቴ ምሽጉ ላይ ነው፤ ከጠላት የማረክናትን አንዲት መትረየስ የያዘው እሱ ነው። ግራዝማች ወደኔ ዞሩ።

«ኦላና፣ አንተ ወንድሙ ነህ። ውረድና ቅመስለት። መትረየሱን ያለ ሰው አልተውም።»

ልቤ ዘለለ። እያወራሁ ያለሁት ስለ አንድ እፍኝ ገንፎ መሆኑን አትርሱ፤ ቢሆንም ዘለለ። ገለታ ፊቴን አይቶ ፈገግ አለ። እየሮጥኩ ወረድኩ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ጅረቱ ዳር ደረስኩ። የመንደሩ ሰው ሣሩን ይዞ ቆሟል። ሽማግሌው ይመርቃሉ፣ ሕዝቡ «ሀዬ! ሀዬ!» ይላል። እናቴ ገንፎውን በእንጨት ገበታ ይዛለች፤ የገለታ ሚስት ደራርቱ ቅቤውን ይዛ አጠገቧ ነች። እናቴ እኔን ስታይ ከኋላዬ ሌላ ሰው ፈለገች።

«ገለታስ?»

«መትረየሱን ትቶ መምጣት አይችልም አዮ። ግራዝማች እኔ እንድቀምስለት ላኩኝ።»

«ግራዝማች ጦራቸውን ይዘዙ» አለች። «የእኔን ቤት አያዝዙም።»

«ጠላት እየመጣ ነው። በቆሎው ይወሰዳል።»

«ይወሰድ። ታናሽ ቀድሞ የሚቀምሰው ሀንገፋው ሲሞት ነው። ልጄን በቁሙ ልቅበረው?»

ገበታውን ወደ ደረቷ ሳበች። ሽታው አፍንጫዬ ሥር ነበር። ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። እኔም ልጇ ነኝ፣ እኔንም ርቦኛል፣ እኔም ነገ እዚያ ድልድይ ላይ ልሞት እችላለሁ ልላት ፈለግኩ። አላልኩም። ተመልሼ ኮረብታውን ስወጣ እንባዬ ከላቤ ጋር ይወርድ ነበር። የበዓል ገንፎ የተነፈገ የሃያ ዓመት ጦረኛ!

ግራዝማች ሲሰሙ ተናደዱ፤ ግን ሌላ መላ አልነበረም። ገለታን «ብረር» አሉት። ገለታ መትረየሱን ለኔ አስረከበኝ። ያን ቀን ለግማሽ ቀን መትረየሱ የኔ ነበር። ብረቱን ዳበስኩት፣ ወደ ድልድዩ አነጣጠርኩ፣ ይሄስ እንኳ የኔ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ። ከታች እልልታ ተሰማ። ወዲያው ሰው እንደ ንብ ማሳው ውስጥ ገባ።

ገለታ የተመለሰው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አህያ ጭኖ ነው። ገንፎ፣ ጩምቦ፣ ቡና ቀላ፣ የተቀቀለ በቆሎ። ጓዱ ሁሉ ተነሣ። እሱ ግን ማንንም ሳያስነካ ከገንፎው ጠቅልሎ ወደኔ መጣ።

«ሁለተኛው አንተ ነህ» አለኝ።

ጎረስኩ። ስለጣፈጠኝ ይበልጥ ተናደድኩ። አጠገቤ ቁጭ አለ።

«ኦላና፣ ሀንገፋ ለምን ቀድሞ እንደሚቀምስ አባባ አልነገሩህም?»

«ስለምትበልጠኝ ነዋ!»

«አይደለም። ድሮ ሰው ወደዚህ አገር ሲገባ እህሉን አያውቀውም ነበር አሉ። የሚመርዝ ይሁን የሚያጠግብ የሚለይ የለም። ታላቁ ቀድሞ ይበላል። ካልሞተ ታናናሾቹ ይበላሉ። ይሄ ነው። ምኑ ያስቀናሃል?»

«በቆሎ አይመርዝም» አልኩት።

ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ምንም ሳይጠይቀኝ መትረየሱን ከፊቴ አነሣና ወደ ቦታው ወሰደው። ይሄም ታከለብኝ።

በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቃፊራችን አፏጨ። ጉም ነበር። ባንዳው ከፊት፣ ጣሊያኖቹ ከኋላ ሆነው በመንገዱ መጡ። ድልድዩ እስኪደርሱ ዝም አልን። ግራዝማች «በለው!» አሉ። ገለታ ተኮሰ። የፊተኞቹ ግንዱ ላይ ወደቁ። የቀሩት ወደ ኋላ ሸሽተው ቦይ ውስጥ ተኙ።

ሁለት ሰዓት ላይ እንደገና መጡ። መለስናቸው። አብዱ ጥይት እያመላለሰ ሳለ ተመታ። ወደሱ ስሳብ «እህሉ አለፈ?» አለኝ። ዞሬ አየሁ። ከኋላችን ሰው በቆሎውን በጀርባው፣ በአህያው፣ በበሬው ጭኖ ወደ ጫካው ይፈስ ነበር። «እያለፈ ነው» አልኩት። እዚያው አረፈ።

አራት ሰዓት ላይ ከድልድዩ በላይ ባለው መሻገሪያ ሊከቡን ሞከሩ። ከነበርንበት ቦታ አይታይም። ገለታ መትረየሱን ተሸክሞ ወደ ገላጣው አለት ወጣ። ጥይት ተሸክሜ ተከተልኩት። «አንተ ከአለቱ ሥር ሁን» አለኝ። እዚያም ቀድሞኝ ወጣ። ተኮሰ። መሻገሪያው ላይ የነበሩት ወደቁ፤ የቀሩት ተመለሱ። ከዚያ የመትረየሱ ድምፅ ቆመ። ስወጣ ደረቱን ተመትቶ መትረየሱ ላይ ተደፍቷል። አነሣሁት፣ አስተኛሁት፣ መትረየሱን ያዝኩ። ስትተኮስ የዋለች ብረት ናትና እጄን አቃጠለችኝ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ጠላት ሬሳውን ትቶ ወደ መቱ ተመለሰ።

ሰባት ሰው ቀበርን። ገለታ፣ አብዱ፣ ዋቅጅራ፣ ታደሰ፣ ሁለት ወንድማማቾች ከያዮ፣ አንድ ደግሞ ከጎሬ በኩል ሸሽቶ በዚያው ሳምንት የተቀላቀለን ሰው፤ ስሙን ለመጠየቅ አልደረስንም። አብዱን ዱዓ የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ከመንደር አስመጥተን በሥርዓቱ ቀበርነው። እናቴ መጣች። ገለታን አገላብጣ ሳመችው፤ እኔን ደግሞ አንገቴን አቅፋ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም። በዚያ ሐዘን መሐል እንኳ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። አሁን ሀንገፋው እኔ ነኝ አልኩ። ሐሳቡን አልጠራሁትም፤ ራሱ መጣ።

ዓመቱ ዞረ። ጦርነቱ አላለቀም፣ እኛም ከጫካ አልወጣንም፤ ለመስከረሙ ምስጋና ግን ግራዝማች ፈቀዱልኝ። ጅረቱ ዳር ወረድኩ። ሣሬን ውሃ ነክሬ አመሰገንኩ። እናቴ ገበታውን ይዛ መጣች፤ ጠቁራለች፣ ከስታለች። ከገንፎው ቆረሰች። አፌን መክፈቴ ትዝ ይለኛል። እንደ ሁልጊዜው በፊቴ አለፈች።

ደራርቱ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ከገለታ ሞት በኋላ በሰኔ የወለደችውን ልጅ ታቅፋለች። እናቴ ገንፎውን ትታ ከቅቤው በጣቷ ጫፍ ነካችና ከንፈሩን ቀባችው። የሀንገፋ ልጅ ሀንገፋ ነው፤ ይሄንን እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። ልጁ ምላሱን አውጥቶ ላሰ። ሰው እልል አለ። ያን ጊዜ፣ አራት ወር ባልሞላው ሕፃን ቀንቼ፣ እንደ ሞኝ አለቀስኩ። ሕዝቡ ለወንድሜ ያለቀስኩ መሰለው። ለሱም ነበር።

እናቴ ወደኔ ዞረች። «ሁለተኛው አንተ ነህ» ብላ አጎረሰችኝ።

ያ ልጅ ዛሬ ሽበት አውጥቷል። በየመስከረሙ ቀድሞ እሱ ይቀምሳል፣ ቀጥዬ እኔ እቀምሳለሁ። በዕድሜ ከሁላቸውም እበልጣለሁ፤ ተራዬ ግን አልተቀየረም። አሁንም ጉርሻው በፊቴ ሲያልፍ አንጀቴ ቁርጥ ይላል፤ በዚህ ዕድሜዬ ይሄን ለማለት አላፍርም። ብቻ እዚያች ኮረብታ ላይ የተኙትን ሰባቱን ሳስብ፣ ወንድሜ በኔ የሚቀናበት አንድ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። እሱ የቀመሰው የሃያ አንድ መስከረም እህል ነው። እኔ ሁለተኛ ሆኜ፣ ከሱ በኋላ የመጣውን እህል ሁሉ በላሁ።