የስንቄ አራት ነጥቦች

የብቸናዋ ስንቄ በዕድሜዋ «አይሆንም» ብላ አታውቅም። ወንፊት ሲለምኗት ከነዱቄቱ የምትሰጥ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቷን እኩል አራሽ ያርስላታል፤ እሱም አንዳንዴ ከእኩል በላይ ያፍሳል፤ እሷ ጆንያውን ትይዝለታለች። ይሉኝታ ሰው ቢሆን ስንቄን ይመስል ነበር፣ ምን ይደረግ!

የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከማሳዋ ግርጌ ጎርፍ የቆፈረውን ቦረቦር። ሙሽራ ሆና ስትመጣ ትዘለው ነበር። አሁን ግን በየክረምቱ ሁለት ሦስት ትልም እየጎረሰ ቤት የሚውጥ ሆኗል።

አምና ሀይማኖት የምትባል የአፈር ባለሙያ ከሞጣ መጣች። ጤፉን በሽምብራ፣ ሽምብራውን በግብጦ እንድታፈራርቅ፣ የቦረቦሩን ዳር ሣር አልብሳ ከብት እንዳታስረግጥ፣ ሣሩን አጭዳ ለላሟ እንድታበላ መከረቻት። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው እትዬ» አለች። ከዚያ የባትሪ ድንጋይ የሚያህሉ አራት መሣሪያዎች ማሳው ውስጥ ቀበረች። በስንቄም በሀይማኖትም ስልክ ላይ አራት ነጥብ ሆነው ይታያሉ። አፈሩ ካልሄደ ነጥቦቹም አይሄዱም። ስንቄም ጠዋት ጠዋት ጸሎቷን አድርሳ ነጥቦቿን ትቆጥራለች፤ ለጎረቤትም ታሳያለች።

በፍልሰታ አንድ ጠዋት አራተኛው ነጥብ ከቦታው የለም። ዐሥር እርምጃ ያህል ወደ ቦረቦሩ ሄዷል። ሮጣ ወረደች። ሣሩ እንዳለ ቆሟል፤ መሬቱ ስንጥቅ እንኳ የለውም። ተንበርክካ ጆሮዋን ብታስጠጋ፣ ከሥር ውሃ እንደ ሰው ሲያንሾካሹክ ሰማች። በስመ አብ!

ሀይማኖት ዘንድ ደወለች። «ውሃው ውስጥ ውስጡን በልቶታል፣ እትዬ። ላዩ ሽፋን ብቻ ነው። ሰውም ከብትም እንዳይረግጠው ለሁሉም ይንገሩ።»

«እሺ» አለች ስንቄ።

ስልኩን ሳታስቀምጥ ጎረቤቷ ከፋለ በሬውን እየሳበ ከማለዳው ጉም ውስጥ ወጣ። «ስንቄ፣ ይሄ በሬ ሲያርስ ከርሞ ጎኑ ተጣበቀ። ከዚያች ሣር ትንሽ ይጋጥ?»

«አይሆንም» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ መጣ። ግን ከፋለ ባሏን የቀበረላት፣ ጎጆዋን የከደነላት ሰው ነው። ለአንድ እቅፍ ሣር «ነፈገችኝ» ይበላት? ለአፍታ ቢሆን ምን ይሆናል ብላ ራሷን አታለለች።

«ይጋጥ እንጂ፣ ምን ገዶኝ!»

በሬው ሦስት ጊዜ ነጨ። ከዚያ ሣሩ ከነበሬው ድምፅ ሳያሰማ ወደ ታች ሄደ። ገመዱ የከፋለን መዳፍ ልጦ ተከተለው።

«በሬዬን!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ዞር ብሎ እጇ ላይ የበራውን ስልክ፣ ከቦታው የሄደውንም ነጥብ አየ። «ታውቂ ኖሯል?»

«አውቅ ነበር» አለች።

ጩኸቱን የሰማ የመንደር ሰው ገመድ ይዞ ከላይ ማሳውን እያቋረጠ ወረደ። ያን ጊዜ ስልኩ ጠራ፤ ሀይማኖት ናት። «እትዬ፣ ሦስተኛው መሄድ ጀመረ! የት ነዎት?»

ሦስተኛው በእነሱና በሚመጣው ሰው መካከል ነው የተቀበረው።

«እንዳትመጡ!» አለች ስንቄ።

«በሬው ሲሞት ቆመን እንይ?» አለ ከፊት የቀደመው፣ የኔሰው የሚባል ጎረምሳ።

«አይሆንም! አይሆንም አልኩ!»

ያን ቃል ከስንቄ አፍ ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረምና ሰዉ ሁሉ ባለበት ቀጥ አለ። ከእግራቸው ፊት የበቀለው ጤፍ ቀስ ብሎ አጎነበሰ፤ ከነመሬቱም ወረደ። ስንቄና ከፋለ ማዶ ቀሩ፤ ከፊትም ገደል፣ ከኋላም ገደል። ከፋለ በሚደማው መዳፉ እጇን ያዘ።