ፊልም ጫኙ ጌቱ እና የወንድሙ ጃቫ

የሰፈራችን ሰው ጌቱን የሚያውቀው በፊልም ነው። ከሸጎሌ ታክሲ ማዞሪያ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በዳቦ ቤቱና በጎሚስታው መካከል የተሰነቀረች አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችው። ፍላሻችሁን ይዛችሁ ትገባላችሁ፣ የምትፈልጉትን ትናገራላችሁ፣ ይጭንላችኋል። ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ወረፋ ነበር። አሁን ሰው ሁሉ ፊልሙን ከቴሌግራም ስለሚያወርድ፣ ጌቱ አብዛኛውን ቀን በሩ ላይ ቆሞ የጎሚስታውን ሥራ ሲቆጣጠር ይውላል። እሱ አስተያየት ሳይሰጥበት የሚለጠፍ ጎማ የለም።

እኔ ኢየሩ እባላለሁ፤ ከሱቁ ጀርባ ነው የምኖረው። ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ስለ ጌቱ የምተርከው ግን በፊልሙ ምክንያት አይደለም። በኮምፒውተሩ ውስጥ፣ በህንድና በቱርክ ፊልሞች መካከል፣ «ጃቫ» የሚል አንድ ፎልደር አለ። ጃቫ ፕሮግራም የሚጻፍበት ቋንቋ ነው። ፎልደሩ ውስጥ በዚህ ቋንቋ ለሚሠራ ሰው የሚያስፈልገው ሁሉ አለ፤ ኮድ የሚጻፍበት፣ ስህተት የሚታደንበት፣ ከዚያ ደግሞ ላይብረሪዎቹ። ላይብረሪ ስል ቤተ መጻሕፍት እንዳይመስላችሁ። ሌላ ሰው ተቸግሮበት ጽፎ የጨረሰው፣ እኛ ደግሞ ወስደን ፕሮግራማችን ውስጥ የምንከተው ሥራ ነው። ሁሉም በነጻ የተለቀቁ ናቸው። የጉለሌ ተማሪ የኢንተርኔት መክፈያ ሲያጥረው ፍላሹን ይዞ ጌቱ ጋ ይመጣል። ጌቱ ለፊልም ያስከፍላል፤ ለጃቫ ግን አያስከፍልም።

በዚህ ነገር ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል።

«ነጻ ነው ማለት እኮ ክፍያ መጠየቅ ክልክል ነው ማለት አይደለም» እለዋለሁ። «ለድካምህ ብትጠይቅ የተለቀቀበት ፈቃድ ራሱ አይከለክልህም።»

«አንቺ ኢየሩ፣ ከእንጦጦ ጸበል በጄሪካን ይዞ የወረደ ሰው ለጎረቤቱ ሲያካፍል ሒሳብ ይጠይቃል?»

«የታክሲውን ይጠይቃላ!»

«በቃ፣ የታክሲውን እኔ ከፊልሙ እወስዳለሁ።»

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ?

ጌቱ ራሱ ስለ ጃቫ የሚያውቀው አንዳች ነገር የለም። ፎልደሩን ያጠራቀመው ታናሽ ወንድሙ ተክለሃይማኖት ነበር። ተክሌ እንለዋለን። እናትና አባታቸው ቀድመው ስላለፉ ያሳደገውም ያስተማረውም ጌቱ ነው፣ በዚያችው ሱቅ ገቢ። ተክሌ አሮጌ ላፕቶፑን ይዞ ጥግ ላይ ይቀመጥና ቀኑን ሙሉ ይጽፋል። ቀና ሳይል «ጌቱ ሻይ!» ይላል። ታላቁን ያዛል እንግዲህ። ጌቱ እያጉረመረመ ከዳቦ ቤቱ ሻይ ያመጣለታል፤ ተክሌ ከጎኑ ያስቀምጥና ይረሳዋል። ከብዙ ቆይታ በኋላ ትዝ ሲለው፣ በረዶ የሆነውን ሻይ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል። «ቀዝቃዛ ከፈለግክ ለምን ውሃ አትጠጣም?» እያለ ጌቱ ይጮህበታል። እንደዚያ የሚዋደዱ ወንድማማቾች ሲጣሉ የምሰማው በዚህ ብቻ ነበር።

ተክሌ የራሱንም ላይብረሪ ጽፏል። ሱቆች ትንንሽ ወረቀት የሚያትሙባቸውን ፕሪንተሮች ታውቋቸዋላችሁ። ርካሾቹ አማርኛ አያውቁም፤ «ጋቢ» ብላችሁ ብትልኩላቸው የጥያቄ ምልክት ደርድረው ያወጣሉ። ተክሌ ፊደሎቹን አንድ በአንድ፣ ነጥብ በነጥብ እራሱ ስሎ፣ ፕሪንተሩ እንደ ሥዕል እንዲያትማቸው አደረገ። ሥዕል ላይ እጁ ብዙም አልነበረም። ፊደሎቹ ይንጋደዳሉ፤ «ሻ»ማ አንዱ እግሩ ከልክ በላይ ረዝሞ የሚያነክስ ይመስላል። ግን ይነበባሉ። ላይብረሪው ሥራ ሲጀምር፣ ፕሪንተሩ ደህና መሆኑን ለማየት መጀመሪያ አንዲት የሙከራ ወረቀት ያትማል። ተክሌ እዚያ ላይ ያሰፈረው ይህንን ነው፦ «ጌቱ ሻይ! ስኳር ሁለት።»

ይህንንም ጃቫ ፎልደር ውስጥ ከተተው። «ኢንተርኔት ላይ አውጣውና ዓለም ይጠቀምበት» ስለው «ገና ነው፣ መጀመሪያ ፊደሎቹን ላስተካክል» ይለኝ ነበር። ሳያስተካክል ኩላሊቱን ታመመ። ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ተክሌን እኔም እንደ ወንድሜ እወደው ነበር፤ ያን ሰሞን ሁሉ ቢሮ ውስጥ ስክሪኑ እየደበዘዘብኝ ነው የሠራሁት። ላፕቶፑም ከእሱ በኋላ አልቆየም፣ ዲስኩ ተቃጠለ።

ከዚያ ወዲህ ጌቱ ሱቁን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያደርገው የተክሌን ፕሪንተር መሰካትና ያንን ላይብረሪ ማስነሳት ሆነ። ወረቀቷ ትወጣለች። ያነባታል። ኪሱ ውስጥ ይከታታል። ከዚያ ሥራውን ይጀምራል። እነዚህ ወረቀቶች በሙቀት የሚታተሙ ስለሆኑ ሲቆዩ ጽሑፉ ይጠፋል። አንድ ቀን የኪስ ቦርሳውን ሲከፍት ባየው፣ የታጨቀው ሁሉ ነጭ ቁርጥራጭ ሆኗል።

«ባዶ ወረቀት ምን ያደርግልሃል?» አልኩት።

«ምን ቸገረኝ፣ ነገም ይጽፍልኛል» አለኝ።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። ሲላስ የሚባል ፕሮግራመር ሰፈራችን ውስጥ አለ። በሚያመልክበት ቸርች የድምፅ መሣሪያውን የሚቆጣጠረው እሱ ነው፤ እጁ አያርፍም። የተክሌን ላይብረሪ ወስዶ ሲነካካው ከረመና አሻሻለው። ፈጣን አደረገው፤ የተንጋደዱትን ፊደሎች አውጥቶ የተስተካከሉ አስገባ፤ የተክሌንም ስም ከላይ በክብር ጻፈ። የሙከራዋን ወረቀት ግን ቀልድ ነው ብሎ «ሙከራ፣ አንድ ሁለት ሦስት» አደረጋት፣ ልክ ማይክሮፎን ሲሞክር እንደሚለው። ቴሌግራም ላይ ለጠፈው። ሁሉም አወረደው፣ እኔም አውርጄ በድሮው ላይ ጫንኩት። ከዚያ አንድ ቅጂ በፍላሽ ይዞ ጌቱ ጋ ሄደና «ጋሽ ጌቱ፣ ይሄ የተሻለው ነው» አለው።

ጌቱ የፊልም ሰው የሚያደርገውን አደረገ። በፊልም ሥራ መጀመሪያ የሚመጣው ሲኒማ ቤት ውስጥ ተደብቆ በካሜራ የተቀረጸው ደብዛዛ ነው፤ ጥርት ያለው ሲመጣ ደብዛዛው ይጠፋል። ሁለቱን የሚያስቀምጥ የለም፣ ቦታ ይፈጃል። እኛ ፕሮግራመሮች ደግሞ አሮጌውን መጣል የለብንም፤ በአሮጌው ላይ ቆሞ የሚሠራ ነገር የት እንዳለ አይታወቅማ። ይህንን ማንም ለጌቱ አልነገረውም። የወንድሙ ሥራ በመሻሻሉ ደስ ብሎት፣ የድሮውን አጠፋና አዲሱን በቦታው ጫነ።

በማግስቱ ጠዋት ለሥራ ስወጣ የሱቁ በር ገርበብ ብሎ አየሁ። ጌቱ ፕሪንተሩ ፊት ቆሟል። ወረቀቷን አቀበለኝ። «ሙከራ፣ አንድ ሁለት ሦስት» ይላል።

«ኢየሩ» አለኝ፣ «ተክሌ የት ሄደ?»

ዕለቱን ከሥራ ቀረሁ። የጠፋ ፋይል የሚያወጣ ፕሮግራም አመጣሁ፤ እሱም በነጻ የሚገኝ ነው። አልሆነም። የተክሌ ፋይል በነበረበት ቦታ ላይ ጌቱ በዋዜማው ማታ የጫነው የቱርክ ተከታታይ ድራማ ተንፈላስሶ ተኝቶበታል። ሲላስ ወሬውን ሲሰማ እየሮጠ መጣ፤ ሲነካካው የከረመው ያንኑ የወሰደውን ቅጂ ስለነበር የድሮው እሱም ጋ የለም። «የደቂቃ ሥራ ነው፣ አሁኑኑ እመልሰዋለሁ» ብሎ እዚያው ቁጭ አለና ጻፈ። ፕሪንተሩ «ጌቱ ሻይ! ስኳር ሁለት» የሚል ወረቀት አወጣ፣ ቀጥ ባለ፣ ባማረ ፊደል። ጌቱ ወደ ብርሃን አቅርቦ ብዙ አያት።

«እግዜር ይስጥልኝ ሲላስ» አለ። «ግን አሁን ሻይ የጠየቅከኝ አንተ ነህ።»

እኔ በበኩሌ ተናድጄ ነበር። በሲላስ ተናደድኩ፤ ቀልድ ከኮድ ውስጥ የሚጠርግ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? በጌቱ ተናደድኩ። ከሁሉ በላይ በተክሌ ተናደድኩ፤ ያኔ አውጣው ስለው አውጥቶት ቢሆን ኖሮ! ቴሌግራም ላይ «የድሮው ያለው ሰው» ብዬ ጠየቅኩ። «እኔ አዲሱን ጭኛለሁ»፣ «ፍላሼ ፎርማት ሆነ»፣ «ላፕቶፕ ቀይሬያለሁ» የሚል መልስ ብቻ ጎረፈ። ከጌቱ ማን ምን እንደወሰደ ደግሞ ማወቂያ የለም፤ በነጻ ለሚሰጠው ነገር ስም አይጠይቅም።

ሳምንቱን ሱቁን ከፈተ እንጂ ፕሪንተሩን አልሰካም። ስለ ጎማም አስተያየት አልሰጠም። አርብ ዕለት ግን በሬን አንኳኳ።

«ኖህ የሚባል ተማሪ ትዝ አለኝ» አለ። «ተክሌ በሕይወት እያለ ፎልደሩን ጭኜለት፣ ሽሮ ሜዳ ለአንድ ጋቢ ቤት ፕሮግራም እሠራለሁ ብሎኝ ነበር። ልጁ ዱባይ ሄዷል። የሠራው ግን ካልተነካ እዚያው ይኖራል።»

«የትኛው ጋቢ ቤት?»

«እሱን አላውቅም።»

ሽሮ ሜዳ እኮ ሙሉ በሙሉ ጋቢ ቤት ነው። ቢሆንም ቅዳሜ ሁለት ታክሲ ቀያይረን ሄድን። በየሱቁ ገባን። ነጋዴው ሁሉ ሙሽሮች መስለነው ጥንድ ጥንድ ልብስ ያወርድልናል፤ ጌቱ ነጠላ ትከሻው ላይ እንደተጣለበት «ፕሪንተር አላችሁ?» እያለ ይጠይቃል። አብዛኞቹ ትዕዛዝ የሚይዙት በእጅ እየጻፉ ነው። አንዱ ጋ ኮምፒውተር ብናገኝ የሲላስ አዲሱ ላይብረሪ ነው ያለበት። ፀሐዩ ከረረ፣ እግሬ ተላጠ፣ «እንመለስ በቃ» አልኩት። «አንቺ ተመለሺ» አለኝ ዞር ሳይል። እየተሳደብኩ ተከተልኩት።

ወደ ላይ፣ ሸማኔዎቹ ጋ ሊደረስ ሲል፣ ወይዘሮ ታየች የሚባሉ ሴትዮ ሱቅ ገባን። ጥለት የሚመርጡ ደንበኛ እያስተናገዱ ነበር። ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ ኮምፒውተር፣ ከጎኑ ትንሽ ፕሪንተር። ጌቱ ጠየቃቸው።

«አለ፣ ይሄውላችሁ» አሉ እትዬ ታየች። «የደንበኛውን ልክና የጥለቱን ቀለም ያወጣልኛል፣ ደህና ነው። አንድ አመል ብቻ አለው። ጠዋት ስከፍተው መጀመሪያ ሻይ ያዛል።»

ጌቱ ዞሮ አየኝ።

«እውነቴን ነው! ጌቱ ሻይ ይላል። እኔ ጌቱ የሚባል ሠራተኛ የለኝም። የሠራው ልጅ መጥቶ ያስተካክለዋል ስል እሱም አገር ጥሎ ሄደ። አሁንማ ለምጄዋለሁ። ሲጠይቀኝ ‹እሺ፣ ታገሥ፣ ጌቱ ይመጣል› እለዋለሁ።»

ጌቱ ፕሪንተሩ ላይ አጎነበሰ። እኔ ስለ እሱ ሆኜ ለመንኳቸውና ኮምፒውተሩን አጥፍተን አስነሳነው። አሮጌ ስለሆነ እየተንፏቀቀ ነው የተነሳው። ከዚያ ፕሪንተሩ ተንጫጫና ወረቀቷን ገፋ ገፋ አድርጎ አወጣት። ፊደሎቹ ተንጋደዋል። «ሻ» ያንን ረጅም እግሩን ጎትቶ ቆሟል።

«ጌቱ እኔ ነኝ» አላቸው ጌቱ። «የጻፈው ወንድሜ ነው። አርፏል።»

እትዬ ታየች «ውይ፣ እኔን ልጄ!» ብለው የያዙትን ጋቢ ባንኮኒው ላይ ጣሉት። ጌቱ ወረቀቷን ይዞ ከሱቁ ወጣ። ሊያለቅስ ነው ብዬ ተውኩት፤ እኔም ቆሜ እያለቀስኩ ነበር። እንባዬን እየጠረግኩ ፍላሼን ሰካሁና የተክሌን ላይብረሪ እንዳለ ገለበጥኩ። ከዚያ አላመንኩትም፣ በሌላ ፍላሽም ደገምኩት።

ጌቱ ሲመለስ ከማዶ ካለው ሻይ ቤት አንድ ብርጭቆ ሻይ በትሪ ላይ ሳይሆን እንዲሁ በእጁ ይዞ፣ ጣቱን እያቃጠለው ነው የገባው። ስኳሩን አማስሎታል። በጥንቃቄ መጣና ፕሪንተሩ ጎን አስቀመጠው። ከዚያ ደንበኞች የሚቀመጡባት ዱካ ላይ ተቀመጠ።

እንፋሎቱ ቀስ እያለ ጠፋ። እትዬ ታየች ጥቂት ጠበቁና አላስችል አላቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ሻዩ እኮ ቀዘቀዘ!»

«ይተዉት እትዬ» አለ ጌቱ። «እሱ ቀዝቅዞ ነው የሚጠጣው።»