የጽጌማርያም ተልባና እንዶድ

ጽጌማርያም ከአክሱም መጥታ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ልብስ ማጠብ የጀመረችው ጣሊያን በወጣ በዓመቱ ነው። እንጀራዋ የእትዬ ሰገነት ሆቴል አንሶላ ነበር። ያ አንሶላ እየዋለ እያደረ ግራጫ ሆነባት። እትዬ ሰገነት ክፉ ሴት አልነበሩም፤ እንግዳው ሲያጉረመርም ግን ምን ያድርጉ፤ እስከ ፋሲካ ካልነጣ የማጠቢያ መኪና ላስመጣው ሰውዬ እሰጠዋለሁ ብለው ቁርጡን ነገሯት።

ጥፋቱ የት እንደሆነ ታውቃለች። እንዶዱ እድፉን ከጨርቁ ያላቅቀዋል፤ አረፋው ቶሎ ሲሞት ግን እድፉ ተመልሶ እዚያው ይለጠፋል። ሁዳዴ በገባ ሰሞን የተልባ ውሃ የነበረበትን ጣሳ በእንዶድ ስታጥብ፣ አረፋው አልሞትም አለ። እድፉም ውሃው ላይ እንደተንሳፈፈ ቀረ። ጽጌማርያም ሥራዋን ትታ ጣሳውን ስታይ ቆየች።

ከዚያ ወዲያ ተልባ እየዘፈዘፈች፣ ዝልግልጉን ውሃ እያጠለለች ከእንዶዱ ጋር ትለካ ጀመር። እንዶዱ ሲያንስ ተልባው ብቻውን ምንም አይሠራም። እንዶዱን እፍኝ በእፍኝ ስትጨምር አንድ ልክ ላይ ሁለቱ ይያያዙና አረፋው ይወፍራል። ተልባው ሲበዛ ደግሞ ጨርቁ ላይ ሙጭጭ ይላል፤ አንድ አንሶላ እንደ ሳንቃ ደርቆባት አልቅሳለች። አልቅሳ ስታበቃ ደግማ ዘፈዘፈች።

የአራዳ ሰው መቼም ወሬ አይጠፋውም። የጾም እህል ወንዝ ትደፋለች፣ ጥጋብ ነው ተባለ። እሷ ግን “ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ” ብላ እፍኟን መቁጠር ቀጠለች።

ቅዳሜ ሹር አንሶላዎቹን ተሸክማ ሄደች። እትዬ ሰገነት ወደ መስኮቱ አስጠግተው ገላልጠው አዩ። ነጭ ናቸው። ፊታቸው ግን አልተፈታም፤ ወሬው ደርሷቸዋል።

“በእህል ታጥባለች የሚሉት እውነት ነው?” አሏት።

መዋሸት ትችል ነበር፤ የፈረንጅ ሳሙና ነው ብትል ማን ያውቃል።

“እውነት ነው እትዬ። ያጠብኩት ግን በውሃው ነው፤ ዘሩን አልደፋሁም። እያደረቅሁ እየቆላሁ እየወቀጥኩ ጾሙን በሙሉ በልቼዋለሁ። ሌላ የበላሁት የለም።”

እትዬ ሰገነት አንሶላውን ትተው ፊቷን አዩ፤ መክሳቷን ያስተዋሉት ያኔ ነው። የጠረጴዛውንም ጨርቅ፣ መጋረጃውንም ከበዓል በኋላ ውሰጂ አሏት።

“ነገ ግን እኔ ቤት ነው የምትፈስኪው።”