ጥቁር ነው እያልኩዎት!

መርካቶ ውስጥ አንድ ወጣት ሻጭ ፊቱ ቡናማ የሆነ የድሮ የእጅ ሰዓት አሳየኝና፣ «ጥቁር ነበር እኮ፤ አሁን የሚፈለገው እንዲህ ያረጀው ነው» ሲለኝ ደሜ ፈላ። እስቲ ይህንን ለእናቴ ንገርልኝ!

በደርግ ጊዜ አባቴ ከነከባድ መኪናው ለዘመቻ ተወሰደ። ከሁለት ዓመት በኋላ አብሮት የዘመተ ሾፌር መጥቶ መርዶውን ነገረን፤ ፊቱ ቡናማ የሆነ ሰዓቱንም ሰጠን። እናቴ ግን፣ «የባሌ ሰዓት ጥቁር ነው፤ ይሄ የሌላ ሰው ነው» ብላ ለቅሶ አልቀመጥም አለች። እኔን እየጎተተች አንዋር መስጊድ አጠገብ ወደሚሠሩት ሰዓት ሠሪ፣ ወደ ጋሽ ይመር ሄደች።

ሽማግሌው ከፍተው አዩት። «የራሱ ነው፤ እኔው ነኝ ስጠግንለት የኖርኩት። ፊቱን ፀሐይ በልቶት ነው።»

«ጋሼ፣ ጥቁር ነው እያልኩዎት!»

«ሲነዳ ግራ ክንዱን በመስኮት ያወጣ ነበር?»

«አውጥቶ አያውቅም!»

የሸሚዙ ግራ እጅጌ ብቻ እየነጣ አስቸገረኝ ስትል የኖረችው እሷው ናት።

«እንግዲህ ባለቤቱ ሲመጣ ይስጡት» ብላ ሰዓቱን ጥላላቸው ወጣች።

ዛሬም በር ሲንኳኳ፣ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ፣ ቁጭ በይ ብላት አትሰማኝም፤ ቀድማኝ ትነሳለች።