አልጋችንን ጭነን የሄድንበት መንደር

ይህ የሆነው አምና ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ሚስቴ ትዕግስት ዛሬም ታሪኩን ስታነሳው ትስቃለች፤ እኔ ግን ትዝ ባለኝ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ አሶሳ አስተምራለሁ። ትዕግስት ከተጋባን በኋላ ለአንድ ወር ብቻ ብላ መጣች። በዚያች ወር ውስጥ ሥራዋን ለቅቃ እኔ ጋ ለመቅረት ወይም ወደ አገሯ ለመመለስ መወሰን ነበረባት። እኔም አገሩን ላስወድዳት ቆርጬ ተነሳሁ። የአሮጌ ሚኒባሴን የኋላ ወንበሮች አስነቅዬ የቀርከሃ አልጋ አሠራሁባት። ፍራሽ፣ ቡታጋዝና ሁለት ጀሪካን ውሃ ጫንን። ጎረቤቶቻችን «ቀንድ አውጣዎቹ» ይሉን ጀመር።

በሆሞሻ መንገድ ወጣን። ደስ ባለን ቦታ መኪናዋን እያቆምን በእግራችን እንሄዳለን። በሁለተኛው ቀን አንዲት የበርታ መንደር ደረስን። አባባ ሀምዳን የሚባሉ ሽማግሌ ደጃቸው ካለው ማንጎ ሥር እንድናቆም ፈቀዱልን። ከመንደሩ ጀርባ ያለውን ድንጋያማ ኮረብታ ወጥተን ስንመለስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር።

አባባ መጥተው «ቤት ግቡ» አሉን። «አይ፣ አናስቸግርም» አልን። ሁለተኛ መጡ። «ሁሉም አለን አባባ፣ አልጋም አለን» ብዬ የመኪናዋን በር ከፍቼ በኩራት አሳየኋቸው። ፍራሹን አዩ፣ ቡታጋዙን አዩ፣ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

እውነቱን ለመናገር ሦስተኛ ቢለምኑን እንገባ ነበር። እኛ ጋ ግባ ሲሉህ ዘው አትልም። ትግደረደራለህ፣ ይለምኑሃል፣ ከዚያ ትገባለህ። አባባ ግን እምቢታችንን የምር ወሰዱት።

ጥቂት ቆይተው የጠፍር አልጋቸውን ከቤት እየጎተቱ አወጡና ከሚኒባሷ አጠገብ አስቀመጡት። ነጠላ ነገር ተከናንበውም ጋደም አሉ። ትዕግስት ክንዴን ያዘች።

«አላመኑንም፤ ሊጠብቁን ነው» አለች። «ነገ አሶሳ መልሰኝ። ከዚያ ወደ አገሬ እሄዳለሁ።»

 ያ ሁሉ ልፋት መና ሊቀር ነው።

ካፊያ ጀመረ። አባባ አልተነሱም። ቢጨንቀኝ ወርጄ፣ «ኧረ አባባ፣ ይግቡ፣ ዝናብ ነው!» አልኳቸው።

«አይ» አሉ ቀና ሳይሉ፣ በተሰባበረ አማርኛቸው። «እንግዳ ውጪ ተኛ፣ እኔ ቤት ተኛ፣ ይሄ በኛ አገር ትልቅ ነውር ነው። እናንተ ቤቴን እምቢ አለ። እሺ። እናንተ ውጪ፣ እኔም ውጪ።»

 ትዕግስት ፍራሹን ከመኪናዋ ጎትታ አወረደችና በራሷ ላይ ተሸክማ፣ በዝናቡ ወደ አባባ ቤት ሮጠች። አባባ ብድግ ብለው፣ «በቃ! አሁን ልጄ ሆነ!» እያሉ እየሳቁ ተከተሏት። እኔ የጠፍር አልጋቸውን ይዤ ከኋላ ገባሁ። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ቀረበልን፤ ትዕግስት ምንም ሳትግደረደር ሁለቴ አስጨመረች።

ስለ መመለስ ያን ቀን የተናገረችው የመጨረሻዋ ሆነ። አሁን ባምባሲ መንገድ ላይ ትንሽ ሱቅ ከፍታለች። እኔ ለማስወደድ የለፋሁትን አገር፣ አባባ አልጋቸውን ዝናብ ላይ አውጥተው አስወደዷት። ሳስበው አፍራለሁም፣ ደስም ይለኛል።

የሚኒባሷን ወንበሮች መልሰን ገጥመናል። ፍራሹን ግን አላመጣነውም። በማግስቱ ጠዋት ከአባባ ቤት አውጥቼ ልጭነው ስል ትዕግስት፣ «ተወው፤ ስንመጣ ምን ላይ ልንተኛ ነው?» አለችኝ።